«አሁንም አለ?» — ከቁራሌው እስከ ኪጂጂ

ወገኖቼ፣ ቶሮንቶ ኖሮ «አሁንም አለ?» የምትለዋን መልእክት የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ማርኬትፕሌስ ላይ አንድ ዕቃ ከለጠፋችሁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ትመጣለች። ሰላምታ የላት፣ ስም የላት። «አዎ፣ አለ» ብላችሁ ስትመልሱ ጠያቂው ድምጹን ያጠፋል። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ይመጣና ካላችሁት ዋጋ ሲሶውን ጠርቶ «ዛሬ መጥቼ ልውሰድ?» ይላል።

እኔም ሰሞኑን በዚህ ዓለም ውስጥ ነኝ። የምሸጠው ስድስት ጥንድ ታጣፊ የመደርደሪያ ብራኬት ነው። ላላየ ሰው፦ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው፣ ግድግዳ ላይ በብሎን ይታሰራል፣ ጣውላ ይደረብበታል። ስትፈልጉት ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ይሆናል፤ ሳትፈልጉት ትንሿን መቆለፊያ ጫን ስትሏት ወርዶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቤዝመንት እንኖር በነበረ ጊዜ ለልጆቹ ማጥኛ ብዬ ነበር የገዛሁት። ከዚያ ባለቤቱ ቤቱን ሸጠና ለቀቅን፤ አሁን የገባንበት አፓርታማ ደግሞ ግድግዳ መብሳት አይፈቅድም። ስለዚህ ብረቶቹ ከነካርቶናቸው ቀሩ። ይህን ያህል ስለ እኔ ብረት ካላችሁ ይበቃል፤ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ያገለገለ ዕቃ ስለሚባለው ንግድ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቀም እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን ተመልከቱት። «ያገለገለ» እንላለን። የኔ ብረት አንድ ቀን አላገለገለም። ፕላስቲኩ አልተቀደደም። ሆኖም ከሱቅ ከወጣ «ያገለገለ» ነው፣ ዋጋውም ወዲያው ግማሽ ይሆናል። ለምን? ብረቱ አላረጀም፣ አልዛገም። የተለወጠው ሻጩ ነው። ሱቁ ደረሰኝ ይሰጣል፣ ይመልሳል፤ እኔ አላደርገውም። ገዢው ከዋጋው ላይ የሚቀንሰው ስለኔ የማያውቀውን ነገር ሁሉ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሰው በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ ነው የሚለው፦ ሻጩ መኪናውን ያውቀዋል፣ ገዢው አያውቀውም፤ ገዢው ፈርቶ ዋጋ ሲሰብር ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፣ መጥፎው ይቀራል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎበታል። የኛ አባቶች ግን ነገሩን ያለ ኖቤል ያውቁት ነበር። የማርያ ቴሬዛን ብር አስታውሱ፤ ከቪየና መጥቶ አገራችንን ያጥለቀለቀው፣ ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት የሚታተምበት። ነጋዴው ዝም ብሎ አይቀበለውም ነበር። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት ነጥቦች ጎልተው ካልታዩ «ይህ የለበሰ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ብሩ ብር መሆኑ አልጠፋውም። ያልታየው ነገር ነው የሚያስፈራው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ፤ ምክንያቱም እኔ ይህን ንግድ ያወቅሁት እዚያ በጆሮዬ ነው። ጠዋት በሰፈራችን ሦስት ድምፅ ነበር፦ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ቁራሌው። «ቁራሌው» የሚለው ጥሪ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው በችኮላ የተፈጨ ነው። ጆንያውን በትከሻው አንጠልጥሎ በየበሩ ያልፋል፤ ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ የተሰበረ ምጣድ፣ የዛገ ብረት፣ የተቀደደ ጫማ፣ ሁሉንም ይገዛል። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ «ስንት ትሰጠኛለህ?» ስትለው የሚጠራው ዋጋ ስድብ ይመስል ነበር። እሷም «ሂድልኝ!» ብላ ትዘጋለች። እሱ ግን አይሄድም። አምስት እርምጃ ይራመዳል፣ ይመለሳል። ያቺን አምስት እርምጃ ነው ማርኬትፕሌስ ላይ ያጣኋት። እዚህ ሰው ሲሄድ በቃ ሄደ ማለት ነው።

ከቁራሌው ሌላ ደግሞ «ልዋጭ!» የሚለው ነበር። እሱ ጭራሽ ገንዘብ አይፈልግም። የፕላስቲክ ሳፋ፣ ባሊና ጆግ ተሸክሞ ይመጣና በአሮጌ ልብስና ጫማ ይለውጣል። የአባቴ ኮት ለአንድ ሰማያዊ ባሊ ሄዶ አባቴ ለአንድ ወር ሲነጫነጭ ትዝ ይለኛል። ባሊውን ግን እሱ ነበር በየጠዋቱ የሚታጠብበት።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጆንያ ማታ የት ይገባል? አብዛኛው መርካቶ ነው፤ ምናለሽ ተራ። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ምን አለሽ? እዚያ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ ይለያል። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ላሜራ ይሆናል፣ ላሜራው የከሰል ምድጃ። የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል፤ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። ለመሥራት የማይሆን ብረት ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ስንማር ስለ ብረት ድካምና ስለ ብየዳ አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስረዳን፣ እኔ በልቤ የማስበው አንድ የምናለሽ ተራ ቀጥቃጭ ያለ ሰሌዳ የሚያውቀውን ነበር። ብረቱን በመዶሻ አንዴ መታ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ «ይህ ይሰበራል» ይላል። ይሰበራልም።

መርካቶ ግን ከጥንት ጀምሮ እዚያ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ አራዳ ነበር፣ ጊዮርጊስ አጠገብ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. (በኛ) ከተማውን ሲይዝ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር የሚል ፕላን አወጣ፤ አራዳ ለነጮች፣ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ አሁን ያለበት ቦታ። «መርካቶ» የሚለው ቃልም ከነሱ ቀረ፣ ትርጉሙም ገበያ ብቻ ነው። ሕዝቡን ለማራቅ የተቆረጠው ቦታ የአገሪቱን ንግድ የሚያንቀሳቅስ ልብ ሆኖ አረፈው። ጣሊያን ከአምስት ዓመት በኋላ ሲወጣ ቃላቱ ከብረቱ ጋር ቀሩ፦ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ላሜራ፣ ጎሚስታ፣ ኮርኒስ። ትሬንታ ኳትሮ የምንለው ፊያት ካሚዮን ጣሊያን ከሄደ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊማሊሞን ሲወጣና ሲወርድ ነበር። ያገለገለ ዕቃ ማለት እሱ ነው እንግዲህ፤ የጠላት መኪና ተገጣጥሞ፣ ተበይዶ፣ የኛን እህል ሲጭን። ቋንቋውም እንደዚያው ነው። እኔ እስከ ዛሬ ሆም ዲፖ ገብቼ ካቻቪቴ ፈልጌ አውቃለሁ፤ የሚሰማኝ ሰው የለም እንጂ።

ወደዚህ ወደምንኖርበት ከተማ ስመጣ ታሪኩ ያን ያህል አይርቅም። ዛሬ አዲሱ ሲቲ ሆል ያለበትን ቦታ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ላይ ልጆቻችን በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ያ አካባቢ «ዋርድ» ይባል ነበር፤ ከኮሌጅ እስከ ኩዊን፣ ከያንግ እስከ ዩኒቨርሲቲ። ከባርነት ያመለጡ ጥቁሮች፣ አይሪሾች፣ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ አይሁዶች፣ ጣሊያኖች፣ ቻይናዎች ሁሉም በየተራው እዚያ ተጨናንቀው ኖረዋል። ከነዚያ አይሁዶች ብዙዎቹ ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? ቁራሌው! ጋሪ እየገፉ ወይም በፈረስ እየሳቡ አሮጌ ጨርቅ፣ ጠርሙስ፣ አጥንትና ብረት በየበሩ ይገዙ ነበር። ቋንቋ ለማያውቅ፣ ካፒታል ለሌለው፣ በሙያው ማንም ለማይቀጥረው ሰው በሁሉም ከተማ ክፍት የሚሆነው በር ይኸው ነው። የሌላው ሰው ትርፍ ዕቃ ለአዲስ መጤ ካፒታል ይሆናል።

ከዋርድ ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ምዕራብ ሄደው ዛሬ ኬንሲንግተን ማርኬት የምንለውን ሰፈር ሠሩ። በ1920ዎቹና 30ዎቹ «የአይሁድ ገበያ» ነበር የሚባለው። የመኖሪያ ቤታቸውን ፊት ለፊት ሱቅ አድርገው ዕቃውን ወደ መንገድ አወጡት። ቤቶቹን ዛሬ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ከላይ መኖሪያ፣ ከታች ሱቅ፣ ልክ እንደ መርካቶ። ከዚያ ፖርቹጋሎች መጡ፣ ከዚያ የካሪቢያን ሰዎች፣ ከዚያ ሌላው። በ2006 የካናዳ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሎ ተሰይሟል። ድሮ ለድሃ የሚሸጠው አሮጌ ኮት አሁን «ቪንቴጅ» ተብሎ ለሀብታም ልጅ በእጥፍ ይሸጣል። የአባቴ ኮት እዚያ ብትደርስ ኖሮ ስንት ባሊ ታወጣ ነበር!

ኦነስት ኤድስን የሚያስታውስ አለ? ብሉርና ባትረስት ላይ፣ ያ አምፖሉ የማያልቅ ሕንፃ። ኤድ ሚርቪሽ በ1948 ከፍቶት ልጁ በ2016 የመጨረሻ ቀን ዘጋው። ብዙ ሐበሻ የመጀመሪያ ድስቱን የገዛው እዚያ ነው። የሚገርመኝ ግን ከመዘጋቱ በፊት በ2014 በእጅ የተጻፉትን የዋጋ ማስታወቂያዎቹን ሲሸጥ ሰው ረጅም ሰልፍ ይዞ መግዛቱ ነው። ድስቱን ሳይሆን «ድስት በዚህ ዋጋ» የሚለውን ካርቶን! ያገለገለ ዋጋ ራሱ ዋጋ አወጣ።

ኪጂጂ ወደ ካናዳ የመጣው በ2005 ነው። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፣ «መንደር» ማለት ነው። ኢቤይ ለምን ስዋሂሊ እንደመረጠ እንጃ፣ ግን ስሙ ልክ ነው፤ ጋዜጣ ላይ በቃል ቁጥር ይከፈልበት የነበረውን ማስታወቂያ ነፃ አድርጎ መንደር አደረገው። ከሁሉ የሚማርከኝ ግን እዚሁ ቶሮንቶ በ2013 የተጀመረው ባንዝ የሚባለው የልውውጥ ቡድን ነው። ሕጉ አንድ ነበር፦ ገንዘብ ክልክል። ልዋጭ! ታዲያ ሰው አበባ ሰጥቶ ወንበር ሲፈልግ፣ ወንበር ያለው ደግሞ አበባ ሳይፈልግ ሲቀር ችግር ሆነ። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? የቲቲሲ ቶከን። ያቺ ለባቡር እንጥላት የነበረችው ትንሽ ሳንቲም የባንዝ ገንዘብ ሆነች፤ ቆርቆሮ ቢራም እንደዚያው። ይህን ሳይ አሞሌ ጨው ነው ትዝ ያለኝ። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው፣ ከምንጩ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው የሚጨምረው። ሰው የሚበላው ነገር ነው፣ ስለዚህ ማንም አይፈራውም። ቶከኑም ያው ነበር፤ ቢያንስ ባቡር ያሳፍር ነበር። ቲቲሲ በ2019 ቶከን መሸጥ አቆመ፤ ባንዝ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ የራሱን ዲጂታል ገንዘብ ፈጥሮ ነበር። የዲጂታሉን ነገር ተዉት፤ የአሞሌን ያህል አልቆየም።

እዚህ ላይ ስለራሳችን ሙያ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የዚህ ከተማ የመጀመሪያ ታክሲ ባለቤት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቶርንተን ብላክበርን፤ ከሚስቱ ከሉሲ ጋር ከኬንታኪ ባርነት ያመለጠ ጥቁር ሰው። ዲትሮይት ላይ ተይዘው፣ ሕዝብ ተነስቶ አስጥሏቸው፣ በ1834 ቶሮንቶ ደረሱ። በ1837 ሞንትሪያል ይሠራ የነበረውን የፈረስ ታክሲ ንድፍ አግኝቶ እዚህ ባለ እጅ አስቀዳውና «ዘ ሲቲ» ብሎ ሰየመው። ቀለሙ ቀይና ቢጫ ነበር። የቤታቸው ቦታ በ1985 ተቆፍሮ ነው ታሪካቸው በደንብ የወጣው። ተጠቃሚ በሌለበት ከተማ፣ ማንበብ መጻፍ ሳያውቅ፣ የሌላ ከተማ ዕቃ አይቶ ቀዳ። ምናለሽ ተራ ቢወለድ የሚያስንቅ አልነበረም።

እኛስ? በእኛ ዘመን የታክሲ ሰሌዳ ራሱ ያገለገለ ዕቃ ነበር። ሰው ለጡረታው ይገዛዋል፣ ያከራየዋል፣ ሲያረጅ ይሸጠዋል። በ2012 የአንድ መደበኛ ሰሌዳ ዋጋ ከ350 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ኡበር በዚያው ዓመት መጣ፤ በ2016 ከተማው ሕግ አውጥቶ አስገባው። ሰሌዳው አልታጠፈም፣ ቁጥሩም አልጠፋም፤ ዋጋው ግን ሟሟ። በዕቁብና በባንክ ብድር ገዝቶ ቤቱን ያስያዘ ወዳጅ አለኝ። ማታ ፒርሰን ሰልፍ ላይ ቆመን ስናወራ ስለ ሰሌዳው አንጠይቀውም። የአምባሳደር ፈቃድ የነበራቸው ደግሞ ከመነሻው መሸጥም ማከራየትም አይችሉም ነበር፤ በ1998 ሲጀመር «ምን ዋጋ አለው?» ብለን ነበር፣ በኋላ ግን ቢያንስ ዕዳ የለባቸውም። እኔ በኪራይ ነው የምነዳው፣ ስለዚህ የማወራው ከዳር ሆኜ ነው።

ስለ ኢንጂነርነቴ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ስመጣ «የካናዳ ልምድ» ይሉ ነበር። ነገሩ የአከርሎፍ መኪና ነው፤ ገዢው ከፍቶ ማየት ስለማይችል ዋጋ ይሰብራል። የኦንታሪዮ የኢንጂነሮች ፈቃድ ሰጪ በ2023 ይህን መስፈርት አንስቷል። ለወጣቶቹ ጥሩ ነው፣ አመልክቱ፤ እውነቴን ነው። እኔ በአርባዎቹ ውስጥ ሆኜ ወረቀቴን እያገላበጥኩ ነው፣ ገና አልወሰንኩም።

ወደ ብረቶቹ እንመለስ፤ አራቱ ጥንድ ሄደዋል። አንዱን ኮንዶ የምትኖር ልጅ ወሰደች፤ ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛ ካስገባች አልጋው አይገባም። ሌላውን ቫን ውስጥ ማብሰያ የሚሠራ ኔፓላዊ። ሦስተኛውን ጋራዥ ያለው ሽማግሌ፣ ሂሳቡን በሳንቲም ቆጥሮ። አራተኛዋን የኛው እህት፣ ዳንፎርዝ ላይ ለቡና ረከቦቷ ቦታ የጠበባት። ለሁሉም አንድ ነገር ሳልናገር አልሸጥኩም፣ ለእናንተም ልንገራችሁ፦ ብረቱ አይደለም የሚወድቀው፣ ብሎኑ ነው የሚነቀለው። 20 ኪሎ ዕቃ 30 ሳንቲም ስፋት ባለው ጣውላ ላይ እኩል ብትደረድሩ፣ ክብደቱ ከግድግዳው 15 ሳንቲም ርቆ እንደተሰቀለ ይቆጠራል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው እግር 30 ሳንቲም ቢረዝም የላይኛውን ብሎን የሚጎትተው 10 ኪሎ ገደማ ነው። እግሩ 10 ሳንቲም ብቻ ከሆነ ግን 30 ኪሎ ይሆናል። ይህን በሁለቱ ብረቶች አካፍሉት። ታጣፊው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እግሩ አጭር ነው። የዚህ አገር ግድግዳ ከጂፕሰም የተሠራ ብስኩት ነው፤ ስለዚህ ከኋላው ያለውን ሞራሌ ፈልጉት። ሞራሌው በአብዛኛው ቤት በየ16 ኢንቹ፣ ማለትም በየ40 ሳንቲሙ ገደማ ነው የሚቆመው። እሱን ካላገኛችሁ ማጥኛ ጠረጴዛ አትስቀሉ፤ ልጅ ይደገፍበታል።

የቀሩትን ሁለት ጥንድ ማርኬትፕሌስ ላይ ሰርዣቸዋለሁ። አንዱን ጥንድ ለበዓል አዲስ አበባ ለሄደ ጓደኛ ሻንጣ ውስጥ፣ ከቫይታሚንና ከሕፃን ጫማ መሐል ከትቼ ለወንድሜ ላክሁለት። ወንድሜ ከነዚያ በከንቲባ አርከበ ጊዜ ከተሠሩት፣ ሰው «አርከበ ሱቅ» ከሚላቸው በአንዱ ይሠራል። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ደንበኛ ሲቆም ዕቃ ያነሳል፣ ዕቃ ሲያስቀምጥ ደንበኛ ይወጣል። ብረቱን ሳይሰቅለው ወደ ምናለሽ ተራ ይዞት ሄደ። ቀጥቃጩ አገላብጦ አየው፣ ከፈተ ዘጋው፣ መዶሻውን አንዴ አሳረፈበት። «ብረቱ ጥሩ ነው፣ ስፕሪንጉ ነው ቀጭን» አለ። በሳምንቱ ሦስት ጥንድ ቀድቶ ሠራለት፤ ስፕሪንጉን ከአሮጌ መኪና ወንበር አውጥቶ ነው፣ እግሩን ደግሞ እኔ ሳልነግረው አራት ጣት ያህል አስረዝሞታል። ወንድሜ አንዱን ሰቀለ፣ ሁለተኛውን አጠገቡ ለምትሠራው ጀበና ቡና ሻጭ ሸጠላት። ሦስተኛውን ሊሸጥልኝ ስንት እንደጠራ ስጠይቀው ስቆ «አንተ እዚያ ስንት አልካቸው?» አለኝ።